የሎግ ፋይሉን ስም አትመኑ፤ ውስጡን ክፈቱ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ደውሎ "ሎጎቹ በሙሉ አሉኝ፤ ግን ከሪፖርቱ ቀን ጋር አልገጥም አሉኝ" አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ታግሎበታል። ነገሩን ሳይጨርስልኝ ችግሩ ገባኝ። በጥቅምት 2017 እኔም ላይ ደርሶብኛል። በስልክ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም የድረ ገጽ ጎብኚዎችን መዝገብ፣ እየቆጠረ ለሰው ሪፖርት የሚያቀርብ ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ሲወጣ በሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቅ፣ ሦስተኛው ላይ። ድርጅታችን ትንሽ ነው። ለተማሪዎች የመለማመጃ ጥያቄና አጋዥ ጽሑፍ በፒዲኤፍ በነፃ የሚለቅ ድረ ገጽ አለው። ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ነው ያለው፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፤ ኡቡንቱ 18.04 የሚባል የሊኑክስ ሲስተምና ድረ ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮግራም ተጭነውበታል። ለጋሾቻችን በየሩብ ዓመቱ የሚጠይቁን አንድ ነገር አለ፦ በዚህ ጊዜ ውስጥ ፋይሎቹ ስንት ጊዜ ዳውንሎድ ተደረጉ? በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ነው የሚቀጥለውን ዓመት የሚያስቡት። ስለዚህ ቁጥሩ ቀልድ አይደለም። ከጀርባው መጽሐፍ መግዛት የማይችል ልጅ አለ።

ሥራውን ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሲለቅ ተረከብኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ የ2017 በጀት ዓመት አንደኛ ሩብ ዓመት ሪፖርት ነበር፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017። ቆጥሬ ሰጠሁ። በማግስቱ የፕሮግራም ኃላፊያችን ጠሩኝ።

"ና እስቲ ቁጭ በል" አሉኝ። ወረቀቱን በእስክሪብቶ አስምረውበታል። "ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ስደምራቸው የሩብ ዓመቱን አይሰጡኝም። በጣም ይራራቃሉ። የትኛውን ልላክላቸው?"

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ አየዋለሁ" አልኩ። ከሰዓት በኋላ የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ መሠረቱን ልንገራችሁ። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ መስመር አክሰስ ሎግ የሚባል ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉ ዝም ከተባለ ዲስኩን ይሞላል። ስለዚህ ሎግሮቴት የሚባል ፕሮግራም በየቀኑ ፋይሉን ስሙን ይቀይርና አዲስ ባዶ ፋይል ይከፍታል። የትናንቱ ቁጥር 1 ይሆናል፣ 1 የነበረው 2 ይሆናል፣ 2 የነበረው 3፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ከ2 ጀምሮ ያሉት በጂዚፕ ይታመቃሉ። ኡቡንቱ ላይ ከኤንጂንኤክስ ጋር የሚመጣው ሴቲንግ 14 ፋይል ብቻ ያስቀምጣል። አሥራ አምስተኛው ይጠፋል። ይጠፋል ስል ወደ ሌላ ቦታ አይሄድም፤ ይሰረዛል።

እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው 14 ቀን ነው። ለጋሹ የሚጠይቀው ሩብ ዓመት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። እናንተ ዛሬውኑ አስቀምጧቸው፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሳትጨርሱም ቢሆን።

ደግነቱ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ አስቦበት ነበር። በየዓርቡ የሎግ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለብጥ ነበር፤ የየዓርቡ ኮፒ ለብቻው በቀን ስም በተሰየመ ፎልደር። ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ስከፍተው ደስ አለኝ። ሁሉም ያለ መሰለኝ። የታመቁትን ሁሉ ፈትቼ አንድ ላይ ቀላቀልኩና በተሳካ ሁኔታ የተላኩትን ፒዲኤፎች ቆጠርኩ። የሩብ ዓመቱ ቁጥር የወጣው እንደዚያ ነው። የወሮቹን ደግሞ በፎልደሮቹ ስም እየመረጥኩ ሠራሁ። ሁለቱም ስህተት ነበሩ፣ በተለያየ ምክንያት።

የሩብ ዓመቱ ቁጥር የተነፋው በዚህ ነው። ኮፒው በየ7 ቀኑ ነው፣ እያንዳንዱ ኮፒ ግን 14 ቀን ወደ ኋላ ይዟል። እያንዳንዱ ቀን ሁለት ጊዜ ተቀድቷል ማለት ነው፣ ያውም በተለያየ ስም። አንድ ዓርብ ላይ ቁጥር 1 የነበረው ፋይል በቀጣዩ ዓርብ ቁጥር 8 ሆኖ ታምቆ ይገኛል። ስሙ ሌላ፣ መጠኑ ሌላ፣ ውስጡ ግን አንድ ነው። እኔ ሁለቱንም ቆጠርኳቸው።

ይህን ያወቅኩት ሁለት ፋይል ከፍቼ ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ መስመር አንድ ነበር፤ ያው አድራሻ፣ ያው ሰከንድ፣ ያው ፒዲኤፍ። ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ዘዴ ከዚያች መስመር የመጣ ነው። ሁለት ሎግ ፋይሎች የመጀመሪያ መስመራቸው አንድ ከሆነ አንድ ፋይል ናቸው፤ ረዘም ያለውን ያዙ፣ አጭሩን ተዉት። አጭሩ ገና እየተጻፈ ሳለ የተቀዳ ግማሽ ኮፒ ሊሆን ይችላል። ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ፣ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር) መጠቀምም ይቻላል፤ ግን የታመቀውን ፈትታችሁ መሆን አለበት፣ አለዚያ ያልታመቀው 1 እና የታመቀው 8 አይገናኙም። ግማሽ ኮፒውንም ቼክሰም አይዝላችሁም። የመጀመሪያዋ መስመር ግን ትይዘዋለች።

አንድ ነገር እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። ሁሉንም መስመር ቀላቅላችሁ ተመሳሳይ መስመሮችን በጅምላ አትሰርዙ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ተማሪዎች በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ነው የሚወጡት፤ ሁለት ልጆች በአንድ ሰከንድ አንድ ፋይል ቢከፍቱ ሁለቱ መስመሮች ቁርጥ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚያ ሁለት ልጆች ናቸው። ድግግሞሽ የሚወገደው በፋይል እንጂ በመስመር አይደለም።

መሐል ላይ አውስታትስ የሚባለውን ሎግ ቆጣሪ ፕሮግራምም ሞክሬ ነበር፣ እሱም ሌላ ነገር አስተማረኝ። የታመቁትን ፋይሎች በኮከብ ምልክት ሰብስቤ በአንድ ጊዜ አፈሰስኩለት። ከ13 ፋይል የወጣው የሁለት ቀን ያህል ቁጥር ብቻ ነበር። ፋይሎቹ ተበላሽተው አይደለም። ሊኑክስ ስሞቹን የሚደረድረው እንደ ፊደል ነው፤ ስለዚህ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14 ቀድመው ይመጡና 2፣ 3 እስከ 9 ይከተላሉ። አውስታትስ ደግሞ መስመሮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል እንዲመጡለት ይፈልጋል። ቁጥር 10ን አነበበ። 11 ከ10 የቆየ ስለሆነ ጣለው፣ 12ንም፣ 13ንም፣ 14ንም። ከዚያ 2 መጣ፤ አዲስ ነው፣ ተቀበለው። ከ3 እስከ 9 ያሉትን ደግሞ ከ2 የቆዩ ናቸው ብሎ ጣላቸው። ስንት መስመር እንደጣለ መጨረሻ ላይ ይናገራል፤ እኔ ግን ያንን ቁጥር አላየሁትም፣ ሪፖርቱን ብቻ ነበር የማየው። ከራሱ ጋር ሎግሪዞልቭመርጅ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ብዙ ፋይሎችን በጊዜ አስተካክሎ ያዋህዳል። እሱን ተጠቀሙ፣ ወይም ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ ራሳችሁ ደርድሩ። ትልቁ ቁጥር የቆየው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ ቀኑ።

አንድ ፋይል አንድ ቀን ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። 18.04 ላይ የዕለቱ ሥራዎች የሚነሱት ክሮን በሚባለው፣ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳ ፕሮግራም፣ በ6:25 ነው። የሰርቨሩ ሰዓት ደግሞ ሲጫን እንደነበረ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ተትቷል። ዩቲሲ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ 6:25 በፈረንጅ አቆጣጠር የአዲስ አበባ 9:25 ነው፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3:25። ልጆች ኮምፒውተር ክፍል ገብተው፣ ቢሮው ቡና ጠጥቶ ሥራ ጀምሮ፣ ሎጉ ሲሞቅ ነው ፋይሉ የሚቆረጠው።

መስከረም 1 ቀን 2017ን እንውሰድ። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ያ ቀን እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሰርቨሩ ላይ ያኔ ገና ሴፕቴምበር 10 ነው፣ ሰዓቱም 21:00። ከዚያ እስከ ጠዋቱ 3:25 ያለው 9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ ከጳጉሜን 5 ቀን ጋር ተቀላቅሎ። የቀረው 14 ሰዓት ከ35 ደቂቃ በሌላ ፋይል ውስጥ ነው፣ ከመስከረም 2 ሌሊትና ማለዳ ጋር። አንድ ቀን፣ ሁለት ፋይል። የትኛውንም ብቻውን ብትወስዱ መስከረም 1ን አታገኙትም።

እዚህ ላይ ከኃላፊያችን ጋር ያወራነው ነገር ነበር፣ እስካሁንም ጠቃሚ ይመስለኛል። "ቀኑ የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት አይደል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን ለምንቆጥር ሰዎች ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ለሪፖርቱ ግን አንድ መስመር መሰመር ነበረበት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲሆን ተስማማን፤ ለጋሾቹም ቀን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነውና። ያንን ስምምነት በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው። እናንተም የፈለጋችሁትን ምረጡ፣ ግን ጻፉት። ያልተጻፈ ስምምነት በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይረሳል።

የፋይሉ ቁጥርም ቀን አይነግራችሁም። 5 ማለት ከ5 ቀን በፊት ማለት አይደለም። አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ደክሞ ሰርቨሩ ሲጠፋ 3:25 አለፈ። ክሮን ያለፈውን ሥራ ተመልሶ አይሠራም፣ ያመለጠውን የሚያካክሰው አናክሮን የሚባል ፕሮግራም ካልተጫነ በቀር። ስለዚህ ፋይሉ ሳይቆረጥ ቀረና በማግስቱ ሁለት ቀን ይዞ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ በአንድ ቀን ተዛባ። ከኤንጂንኤክስ ጋር በሚመጣው ሴቲንግ ሎግሮቴት ፋይሉ ባዶ ከሆነም አያዞርም፤ ጎብኚ የሌለበት ቀን ቁጥር አያገኝም። በመጠን የሚያዞር ሴቲንግ ካላችሁ ደግሞ ቀን ጨርሶ አልታሰበም፤ ሎግሮቴት በየሰዓቱ የሚነሳ ከሆነ በፈተና ሰሞን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በክረምት በሳምንት አንዴ ሊቆረጥ ይችላል።

"እንግዲያው ስሙ ላይ ቀን እንዲጻፍ ላድርግ" ትሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ሎግሮቴት ላይ ዴትኤክስት የሚባል አማራጭ አለ፤ በቁጥር ፈንታ ዓመት ወር ቀን ይለጥፋል። ትልቁ ጥቅሙ ስሙ አንዴ ከወጣ የማይቀየር መሆኑ ነው። ባክአፕ ስታደርጉ ያው ፋይል በየሳምንቱ በሌላ ስም አይመጣባችሁም። ግን የሚለጥፈው የተቆረጠበትን ቀን ነው፣ የውስጡን አይደለም። ዴትየስተርዴይ የሚል አማራጭም አለ፣ የትናንቱን ቀን ይለጥፋል፤ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ለሚቆርጥ ሰው ይስማማል፣ በጠዋት ለሚቆርጥ ግን እሱም ግማሽ እውነት ነው።

በእኛ ሩብ ዓመት ላሳያችሁ። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ማለት በፈረንጅ ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ነው። ፋይሎቻችን ስማቸው ላይ ቀን ቢኖራቸው ኖሮ አብዛኛው ሰው ከ20240708 እስከ 20241010 ያሉትን ይወስድ ነበር። የመስከረም 30 ትልቁ ክፍል፣ ከጠዋቱ 3:25 እስከ እኩለ ሌሊት ያለው፣ የሚገኘው ግን 20241011 በሚለው ፋይል ውስጥ ነው። እሱ ከሌለ የመጨረሻው ቀን ከግማሽ በላይ ይጎድላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ 20240708 የሰኔ 30ን ቀን ይዞ ይመጣል። 95 ቀን ለመሸፈን 96 ፋይል ያስፈልጋል ማለት ነው፣ ያውም የሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው።

95 ቀን ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ሦስት ወር 90 ቀን ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። በመሐል ጳጉሜን አለች። የወሮቹ ድምር ያነሰው በከፊል በዚህ ነው፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ብዬ ስደምር የጳጉሜንን አምስት ቀን የትም አላስገባኋትም። አሁን የወሩ ሰንጠረዥ ላይ ራሷን የቻለች መስመር አላት።

እንግዲህ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ከላይ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ያመጣችኋል፦ ፋይሎቹን ሰፋ አድርጋችሁ ሰብስቡ፣ ቀኑን ግን በመስመር ወስኑ።

መጀመሪያ መዝገብ እሠራለሁ። ለእያንዳንዱ ፋይል ስሙን፣ የመጀመሪያ መስመሩን ጊዜ፣ የመጨረሻ መስመሩን ጊዜና የመስመሮቹን ብዛት የሚጽፍ አጭር ስክሪፕት አለኝ። የታመቀውን ፋይል ዲስክ ላይ መፍታት አያስፈልግም፤ ዚካት የሚባለው ኮማንድ እያፈሰሰ ያነብላችኋል። የሚወጣው ወረቀት ለዓይን ደስ ይላል። አንዱ ፋይል ያለቀበት ሰከንድና ቀጣዩ የጀመረበት ሰከንድ ተያይዘው ሲሄዱ ታያላችሁ። የሚዘል ካለ ክፍተት ነው። የሚደራረብ ካለ ድግግሞሽ ነው። ሁለቱ ሳምንት ሙሉ የፈለግኩት ነገር እዚህ ወረቀት ላይ በአንድ እይታ ይታያል።

የፋይሉን የመጨረሻ ለውጥ ሰዓት ማየትም ለችኮላ ይጠቅማል፤ ከመጨረሻው መስመር ጋር ይቀራረባል፣ ጂዚፕም ሲያምቅ አይቀይረውም። ፋይሉ ከማሽን ወደ ማሽን ከተገለበጠ ግን ብዙ ጊዜ ያ ሰዓት የተገለበጠበት ሰዓት ይሆናል። ሃርድ ዲስካችን ላይ ሁሉም ፋይል ዓርብ የተጻፈ ይመስል ነበር። ስለዚህ እኔ መስመሩን ነው የማምነው።

ከመዝገቡ ላይ ፋይል የምመርጠው እንዲህ ነው። የመጨረሻ መስመሩ ከሪፖርቱ መጀመሪያ በኋላ የሆነ፣ የመጀመሪያ መስመሩ ደግሞ ከሪፖርቱ ማብቂያ በፊት የሆነ ፋይል ሁሉ ይገባል። ግር ካላችሁ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ተጨማሪ ፋይል ውሰዱ፤ ትርፉ ኋላ ይቆረጣል፣ ጉዳት የለውም። ገና እየተጻፈ ያለውንና ያልታመቀውን ቁጥር 1 እንዳትረሱ። ብዙ ሰው የታመቁትን ብቻ ይሰበስብና የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ይቀሩበታል።

ከዚያ እያንዳንዱ መስመር ላይ ያለውን ጊዜ አንብቤ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት እለውጣለሁ። መስመሩ ላይ ከሰዓቱ ቀጥሎ +0000 ወይም +0300 የሚል፣ ሰዓቱ ከዩቲሲ በስንት እንደሚለይ የሚነግር ነገር አለ፤ እሱን አንብቡት፣ አትገምቱ። አንዳንዶች የሰርቨሩን ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ቀይረው ይገላገላሉ። እኔ አልመከርኩም፣ አላደረግኩትምም። ከለውጡ በፊት ያለው ሎግ በአንድ ሰዓት፣ ከኋላው ያለው በሌላ ሰዓት ይሆንና መሐል ላይ ስፌት ይፈጠራል። ዩቲሲው ይቆይ፣ ሲቆጠር ይለወጥ። ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀያይር ሁሌም 3 መደመር ነው፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቀኖቹን እንደ ጽሑፍ አታወዳድሩ። ሎጉ ላይ ያለው ቀን፣ ከዚያ የወሩ ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል፣ ከዚያ ዓመት ነው። በፊደል ተራ ኤፕሪል ከጃንዋሪ ይቀድማል። ከተቻላችሁ ኤንጂንኤክስ ጊዜውን በአይሶ 8601 እንዲጽፍ አድርጉት፤ ዓመት ወር ቀን ስለሚል እንደ ጽሑፍም በትክክል ይደረደራል። ማብቂያውን ደግሞ "እስከ መስከረም 30" ሳይሆን "ከጥቅምት 1 ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት" ብላችሁ ጻፉት። የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ክርክር አይነሳም፣ ሁለት ሪፖርትም አንድ መስመር አይሻማም።

በነገራችን ላይ ኤንጂንኤክስ መስመሩን የሚጽፈው ጥያቄው ሲያልቅ ነው። ትልቅ ፒዲኤፍ በደካማ ኔትወርክ ከእኩለ ሌሊት በፊት የጀመረ ልጅ በማግስቱ ቀን ይቆጠራል። አፓቺ የሚባለው ሌላው የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም የሚጽፈው ጥያቄው የደረሰበትን ጊዜ ነው፤ እዚያ ላይ መስመሮቹ ትንሽ ከተራ ይወጣሉ። ለሩብ ዓመት ሪፖርት ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ግን ሁለት ዓይነት ሰርቨር ያለው ሰው ይወቀው።

በመጨረሻ የማደርገው የቀን በቀን ቁጥሩን ማተም ነው። 95 መስመር፣ እያንዳንዱ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። በዓይን ይታያል፤ እሑድ ዝቅ ይላል፣ ሰኞ ከፍ ይላል። ዜሮ ካለ ፋይል ጎድሏል። ከጎረቤቶቹ እጥፍ የሆነ ካለ ተደግሟል። ድምሩን የማምነው ይህን ገጽ ካየሁ በኋላ ብቻ ነው።

ያ ገጽ ነው የነሐሴን ጉድ ያወጣው። ከነሐሴ 4 እስከ 9፣ ስድስት ቀን፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ለፍልሰታ ፈቃድ ወጥቶ ሁለት ዓርብ ኮፒ አልተደረገም። የነሐሴ 3 ኮፒ ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም። የነሐሴ 24 ኮፒ ወደ ኋላ 14 ፋይል ብቻ ይዟል፣ ነሐሴ 10 ላይ ያልቃል። በመሐል ያለውን ሰርቨሩ በሥርዓቱ ሰርዞታል። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ፈቃድ የሰው መብት ነው። ሥራው በአንድ ሰው እጅ ላይ መንጠልጠሉ ነው ጥፋቱ። ሌላ ቦታ ሁሉ ፈለግኩ። የለም።

ኃላፊያችን ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። ከባድ ነበር። "የጎደለውን በአማካይ እንሙላው?" አሉኝ። አልሞላነውም። ሪፖርቱ ላይ "ከ95 ቀን 87 ሙሉ ቀን ተቆጥሯል፤ ከነሐሴ 4 እስከ 9 ሎግ የለም፤ ነሐሴ 3 እና 10 በከፊል ናቸው" ብለን ጻፍን፣ የቀን በቀን ሰንጠረዡንም አያያዝን። ከመጀመሪያው ያነሰ ቁጥር ነው የተላከው። ለጋሾቹ አንድ ጥያቄ መልሰው ጠየቁን፣ እሱም በሚቀጥለው ጊዜ ሰንጠረዡ እንዲደገም ነው።

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልኩት ብዙ አይደለም። 14ን ወደ 400 ቀየርኩት፤ የታመቀ ሎግ ቦታ አይበላም። ዴትኤክስትን አበራሁ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ስታበሩት የድሮዎቹ በቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች ከሎግሮቴት ዓይን ይወጣሉ፤ አያዞራቸውም፣ አይሰርዛቸውም፣ ራሳችሁ ወደ ሌላ ፎልደር አንሷቸው። በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የምታዞሩ ከሆነም ስሙ ላይ ሰዓት ጨምሩበት፤ አለዚያ በዚያ ስም ፋይል አለ ብሎ ሳያዞር ያልፋል። ኮፒው አሁን በየሌሊቱ በራሱ ይሄዳል። ሁለት ሰው ያውቀዋል።

ሎግ ረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የሰው አድራሻ ማስቀመጥም ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ከአዋጁም በፊት የልጆቹ ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ማኅደር የሚገባው ኮፒ ላይ የአድራሻውን የመጨረሻ ክፍል እናጠፋለን። ለቆጠራው አያስፈልገንም።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ስክሪፕቴ ውስጥ የኢትዮጵያን ወሮች ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ሰንጠረዥ ነበር፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ እያለ በእጅ የተጻፈ። በ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ከዚያ እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ሁሉም ወር በአንድ ቀን ይገፋል። የዚያ ዓመት አንደኛ ሩብ 96 ቀን ነው። ሰንጠረዡን አውጥቼ በስሌት ተካሁት፣ ባለፈው 2015 ጳጉሜን 6 ላይም ሞከርኩት፤ ገጠመ። ለደወለልኝ ወዳጄ የላክሁለት ይሄኛውን ነው።